የእባቦቹ ፈተና

እንስሳትን የሚያጠናው ግሪካዊ ሊቅ ድመት ስታዛጋ ቢያይ እንኳ መጻፊያውን ያወጣል። ወደ ሊቢያ በረሃ ዳር፣ ወደ እኛ መንደር የመጣው ግን ለድመት አልነበረም። የእኛን ጎሣ ሰው እባብ አይነክስም። ስለዚህ ልጅ ሲወለድ አባቱ እባቦች ካሉበት ሣጥን ውስጥ ያስተኛዋል። ከተነከሰ አባቱ ከሌላ ጎሣ ነው ማለት ነው፤ እናቱም ከመንደሩ ትባረራለች።

የዚያን ቀን ተራው ከሸክላ ጭቃ ሌላ ነገር ነክቶ የማያውቀው የጎረቤቴ ነበር። ሚስቱ ልጇን አቅፋ ቆማለች። አማቷ ከሠርጉ ጀምሮ አልወደዷትም።

"እማማ፣ አፍንጫው እኮ ቁርጥ የአባቱ ነው፤ እባቦቹን ለምን ያደክሟቸዋል?" አልኳቸው።

"አፍንጫ ያታልላል" አሉ አሮጊቷ። "ሦስት ሳምንት ያስራብኳቸው እኔው ራሴ ነኝ።"

ሊቁ ይህንንም ጻፈ።

ጎረቤቴ ልጁን ተቀብሎ ክዳኑን ከፈተና ጎንበስ አለ። የሕፃኑ ጀርባ ገና የሣጥኑን ወለል ሳይነካ፣ አንዱ እባብ ተወርውሮ የአባትየውን የእጅ አንጓ ነከሰ። ሚስቱ ልጇን ነጠቀችው። እሱ እያበጠ ያለውን እጁን ይዞ ወደ እናቱ ዞረ።

"እማዬ፣ እኔም እኮ በዚህ ሣጥን ተኝቼ አልፌያለሁ።"

አሮጊቷ አጠገቡ ተንበርክከው እጁን ያዙ።

"ያን ጊዜማ ልጄ" አሉ ቀስ ብለው፣ "አይጥ አብልቼ አጥግቤያቸው ነበር።"