የዓባይነሽ እንግሊዝኛ

ዓባይነሽ በሃምሳ ምናምን ዓመቷ እንግሊዝኛ ካልተማርኩ ብላ ስትነሣ፣ መጀመሪያ የሳቀባት የገዛ ልጇ አለበል ነው። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር እህሏን ቡሬ ሸጣ ስታበቃ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ክንፈሚካኤል የሚባል አስተማሪ ለወጣቶች ወደ ከፈተው ክፍል ትገባለች። ልጆቿ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። ማን ምን ቢል ግድ የላትም።

መንደሩም ወሬ አላጣም። በስተርጅና ፈረንጅ ልታገባ ነው ያለም አለ። አለበልን እንቅልፍ የነሣው ግን ሌላ ነገር ነው።

ከጥምቀት ማግስት፣ እሱ በሬ ሊገዛ ሽንዲ በሄደበት ቀን፣ አንድ ነጭ መኪና ደጃቸው ቆሞ ነበር። አንድ ፈረንጅና አንድ የከተማ አስተርጓሚ ወርደው ቤቱን ፎቶ አነሡ፣ ማሳውን አነሡ፣ እናቱንም አነሡ። ጎረቤት እንደነገረው እናቱ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ሳቀች፣ ሲሄዱም እስከ መንገድ ድረስ ሸኘቻቸው። ሲጠይቃት ተመልሰው ይመጣሉ ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለችም።

በዚያ ሰሞን ለአቮካዶ እርሻ መሬት የሚፈልጉ ባለሀብቶች አገሩን ይዞሩ እንደነበር ያልሰማ የለም። አለበል ነገሩን ገጣጠመው። መሬቱን ለፈረንጆቹ ሰጥታ፣ እሷም አብራቸው ልትሄድ ነው።

ከዚያች መሬት ሌላ ምንም የለውም፤ ከሷም ሌላ ማንም የለውም። በልጅነቱ ፍኖተ ሰላም አጎቱ ዘንድ ተሰጥቶ ነው የተማረው። በአገሩ ልጅ ደህና ኑሮ ላለው ዘመድ ይሰጣል፤ ተምሮ፣ ነፍስ አውቆ ወደ ወላጆቹ ይመለሳል፤ ይህን የማያደርግ ቤት የለም። እሱ ሲመለስ አባቱን ወባ ወስዶት፣ ጨቅላ እህቱም ቤት ውስጥ አልነበረችም። እናቱ ያን ክፉ ዘመን ማንሣት አትወድም፤ እሱም ነካክቷት አያውቅም። አሁን እሷንም ላጣ ነው ብሎ ፈራ፤ የፈራ ሰው ደግሞ ይቆጣል።

ተቆጥቶም አስተማሪው ዘንድ ሄደና እናቱን ከክፍል እንዲያስወጣለት ጠየቀው። ክንፈሚካኤል አይሆንም ብሎ ስለ ትምህርቷ አጫወተው። ሌሎቹ ስለ ሆቴልና ስለ አውሮፕላን ጣቢያ ሲጠይቁት፣ እሷ ሙጭጭ የምትለው በሚመሳሰሉ ቃላት ላይ ነው። «ሃውስ» እና «ሆም» በምን ይለያሉ? «ሂር» እና «ሊስን»ስ? ባለፈው ጊዜ ደግሞ «ጊቭ» እና «ሌንድ» ላይ ደርሰው ነበር። የመጀመሪያው ሰጥቶ መተው፣ ሁለተኛው ይመለስልኛል ብሎ መስጠት ነው ብሎ አስረዳት።

«እና ምን አለችህ?» አለ አለበል።

«ሰጪው ‹ሌንድ› ብሎ ሰጥቶ፣ ተቀባዩ ‹ጊቭ› ብሎ የወሰደው እንደሆነስ፣ ለዚያ ምን ቃል አላቸው አሉኝ። የላቸውም አልኋቸው። አመዳቸው ቡን አለ።»

አለበል ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገውም። ላከራይ ያለችውን መሬት ጠቅልለው ሊወስዱባት ነው።

የንስሐ አባቷን፣ ቄስ ወልደ ሥላሴን፣ ይዞ መጣ። እሳቸው ሲናገሩ እናቱ ተቃውማ አታውቅም። ሁሉንም እፊቷ ዘርዝሮ፣ «አባቴ፣ ይገዝቱልኝ» አላቸው። ቄሱ አንገታቸውን ደፍተው ከሰሙ በኋላ መቋሚያቸውን አንሥተው ብድግ አሉ።

«ተዋት ልጄ፤ ይህን እኔ አልገዝትም» አሉና ወጡ።

ዓባይነሽ አላለቀሰችም፣ አልለመነችውምም። «ቄሱ ቢገዝቱኝም እማር ነበር» አለችው። «አንተም ቤቱን ጥለህልኝ ብትወጣ እማራለሁ። አንድ ጊዜ በአስተርጓሚ ተናግሬ የሆነውን አይቻለሁ። አሁን በገዛ አፌ ነው።»

እንግዲያስ እኔም ንቅንቅ አልልም አለ አለበል። እናትና ልጅ አንድ ጣሪያ ሥር ተኮራርፈው ፋሲካን አሳለፉ።

ከፋሲካ በኋላ መኪናው መጣ። አለበል ዱላውን ጨብጦ ማሳው መግቢያ ላይ፣ መንገዱ መሐል ቆመ። አስተርጓሚው ወርዶ በሰላም ፈቀቅ እንዲል ለመነው። በሬሳዬ ላይ ካልሆነ አታልፉም አለው።

በዚህ መሐል ዓባይነሽ የፋሲካ ቀሚሷን ለብሳ ከቤት ወጣች። ልጇን ቀና ብላ እንኳ ሳታየው በአጠገቡ አለፈች። አስተርጓሚው ሊናገርላት አፉን ሲከፍት፣ እጇን አንሥታ ዝም አሰኘችው።

የመኪናው በር ተከፍቶ አንዲት ጠይም ወጣት ወረደች። ዓባይነሽ አንዱን ቃል ከሌላው ሳታምታታ፣ በጨቅላነትሽ ለፈረንጆቹ የሰጠሁሽ «ሌንድ» ብዬ እንጂ «ጊቭ» ብዬ አልነበረም ስትል በእንግሊዝኛ ነገረቻት። ልጅቱ እየሰማች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ዱላህን ጣልና» አለች ዓባይነሽ ወደ አለበል ዞራ፣ «እህትህን ሳማት።»