የመርከብ መጥሪያው ደወል

ሲኞር አልዶ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። አባታቸው በአንድ ሐይቅ ላይ መንገደኛ የሚያመላልስ ባለ መንኮራኩር የእንፋሎት መርከብ ካፒቴን ነበሩ። ሐይቁ ዳር የቆመ መንገደኛ ደወል መትቶ ይጠራል፤ መርከቡም ጡሩምባ ነፍቶ «መጣሁ» ይላል። ያ ደወል ዛሬ ሮም፣ የሲኞር አልዶ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል።

ጤናዬ ከቶር ፒኛታራ ሰፈር በትራም እየተመላለሰች ሽማግሌውን ትጦራለች። ደወሉ ሲጮህ እሳቸው የጠሯት እየመሰላት፣ እንደ አገሯ ልማድ «አቤት!» ብላ ትሮጣለች። እሳቸው ግን ፊታቸውን አዙረው «ኒየንቴ፣ ምንም አይደል» ይሏታል። እርጅና ነው ብላ ትተወዋለች።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ወጥ ቤት አስቀምጣ ጥፍራቸውን ስትቆርጥላቸው ደወሉ ጮኸ።

«አቤት!» አለች፤ አፏ ቀደማት። ሁለቱም እጆቻቸው እሷው እጅ ውስጥ ነበሩ።

«ሲኞር፣ ሌላ ሰው አለ እንዴ?»

«በጦርነቱ መርከባችን ወታደር ይጭን ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ ቀን ቦምብ ሲወርድ ዳር የቀሩት ሰዎች ደወሉን መቱት፣ መቱት። ጡሩምባው ያለው እኔ እጅ ነበር። አባቴ እንዳትመልስ አለኝ፤ አልመለስኩም። ከነሻንጣቸው እዚያው አለቁ።»

«ታዲያ እኔ ስመልስ ለምን አልከለከሉኝም?»

«በእኔ ፈንታ ስትመልሺላቸው ቀለለኝ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ደወሉ ዝም አለ። ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። ከኋላው ሌላው አስቀመጠ። ከኋላውም ሌላው።