ያልተነኩት መጻሕፍት

ርዕሰ መምህሩ የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ከቆለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ዛሬ መጻሕፍቱን በካርቶን አሽጎ ወደ ወረዳው መጋዘን ሊልክ፣ ክፍሉንም ቢሮው ሊያደርገው ነው።

አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ቲቸር፣ መጻሕፍቱ አይሄዱም።»

«ለማን ይቀመጡ? ስልክ ላይ ተጥዳችሁ ለምትውሉት? ብሰጣችሁም በሳምንት ነው የምትቦጫጭቋቸው።»

«ሳይከፍቱልን በምን አወቁ?»

«ይሄ ምላስሽ! ቆይ፣ አቧራውን በዐይንሽ ታዪዋለሽ።»

የዛገውን ቁልፍ ታግሎ ከፈተና አንድ መጽሐፍ ከመደርደሪያው ሳበ። አቧራ የለውም። ተማሪ በመስከረም መማሪያ መጽሐፉን እንደሚለብደው፣ በአሮጌ ጋዜጣ ተለብዷል። ቀጥሎ ያለውም ተለብዷል፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም። የተቀደዱ ገጾች በፕላስተር ተጣብቀዋል። የጓሮው መስኮት ብረት ተነቅሏል፤ ከሥሩ ለመወጣጫ የሚሆን ዴስክ ተጠግቷል።

ፊቱ ተለዋወጠ።

«ማን ነው እዚህ ሲገባ የኖረው? ስም ጥሪ! አሁኑኑ!»

ተማሪዋ ከደጃፉ ንቅንቅ አላለችም።

«ያልገባውን ብጠራልዎት ይቀለኛል፣ ቲቸር።»