የተነካው ፈረስ

የጋሽ ታዲዮስ ጣቶች የፈረሱን ጆሮ ያዝ አደረጉና ለቀቁት። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ንግሥታቸውን አንስተው ወደ ሰሌዳው ጥግ አዛወሩና ሰዓቱን መቱ።

ኢፍቱ አይታለች። ከእሷ በቀር ግን ያየ የለም። የኮልፌ ቀራንዮ የቼዝ ሻምፒዮና የመጨረሻ ዙር ነው፤ ዳኛው ጀርባውን ሰጥቶ ሌላ ጠረጴዛ ጋ ቆሟል፤ አዳራሹ ጭር ብሏል።

ጋሽ ታዲዮስ ይህን ዋንጫ ዘጠኝ ጊዜ ወስደዋል። እሷ ቤቴል ካለው ክሊኒክ ፈረቃዋን አስቀይራ የመጣች ነርስ ናት። ቼዝ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፣ አስኮ በረንዳቸው ላይ። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አሸንፋቸው አታውቅም። የተነካ ጠጠር የግድ መንቀሳቀስ አለበት የሚለውን ሕግም፣ ጣቷን መታ መታ እያደረጉ ያስለመዷት እሳቸው ናቸው።

እጇን አወጣች። ዳኛው መጣ።

"ጋሼ ፈረሱን ነክተዋል" አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ዳኛው ፈራ ተባ አለ። "እኔ አላየሁም። ጋሽ ታዲዮስ፣ እውነት ነው?"

ፈረሱ ከተነሣ ከኋላው የነበረችው ንግሥታቸው ለኢፍቱ ትጋለጣለች። አልነካሁም ቢሉ ደግሞ የሚታመኑት እሳቸው መሆናቸውን ሁለቱም ያውቃሉ። ኢፍቱ ዓይኗን ከፊታቸው ሳትነቅል ጠበቀች።

"ነክቻለሁ" አሉ በመጨረሻ። ንግሥቲቱን ወደ ቦታዋ መለሱና ፈረሱን አነሡ። ኢፍቱ ንግሥቲቱን በላች። ትንሽ ታገሉና መሸነፋቸውን ተቀብለው እጃቸውን ዘረጉላት።

ከወንበራቸው ግን አልተነሡም። ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ፈረሱ ሲነካ ወደነበሩበት መልሰው ደረደሩ፤ ንግሥቲቱን ጥጓ ላይ አቆሙ። "ፈረሱን ባልነካው ኖሮ፣ እዚህ ላይ ምን ልትጫወቺ ነበር?"

ኢፍቱ ሳታመነታ ወታደሯን አንድ እርምጃ ገፋች።

ጋሽ ታዲዮስ አጎነበሱ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ። በቀኝ ሞከሩ፣ በግራ ሞከሩ፤ ንጉሣቸው መሸሻ አጣ።

"ታሸንፊኝ ነበር።"

"አዎ ጋሼ።"

"ታዲያ ዳኛ ምን አስጠራሽ?"

"ነክተውታላ።"

ሽማግሌው እርሳሳቸውን አንስተው፣ በመመዝገቢያ ወረቀታቸው ጠርዝ ላይ፣ በጥንቁቅ ጽሕፈታቸው፣ ያልተጫወተችውን የወታደር እርምጃ ጻፉት።