አመለኛዋ በር

የእስረኞቹ ፀጉር አስተካካይ፣ ራሱም እስረኛ ነው፣ ዛሬ ሐሞቱ ፈሷል። ባለፈው ሳምንት ገጀራ የሚሉት እስረኛ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አንዱን በጩቤ ወግቶ ሲገድል አይቷል። ማየቱ ሳያንስ፣ ገጀራ ማየቱን ጠርጥሯል። ፀጉር አስተካካዩ የሚፈታው ደግሞ በሚቀጥለው ወር ነው። ልጁ መጥታ ልትወስደው ከአሁኑ ተዘጋጅታለች፤ በሕይወት ከቆየላት።

«ለእኛ ብትናገር ምን ዋጋ አለው?» አለው ወደ እስር ቤቱ ቢሮ ያመጣው ጠባቂ። «እኛ ብንቀጣው ጨለማ ቤት ነው፤ ከዚያ ይወጣና ያርድሃል። ከስሶ ፍርድ ቤት የሚያቆመው ዐቃቤ ሕግ ነው። ሲመጣ ለእሱ ዘርግፈው።»

ሲወጣ በሩን በትከሻው ወደ ላይ ብድግ አድርጎ ዘጋው። «ይቺ አመለኛ! እንግዳ ሁሉ ሲታገላት ነው የሚውለው።»

ከግድግዳው ማዶ ሰው ሲስል ተሰማ። ገጀራ ነው፣ ሳሉን ያውቀዋል። ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን ከግድግዳው አራቀ። ምነው ባላየሁ ኖሮ!

ብዙም ሳይቆይ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ገባ። በሩን በትከሻው ከፍ አድርጎ ገጭ አድርጎ ዘጋውና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«አይዞህ ወንድሜ። ከዐቃቤ ሕግ ቢሮ ነው የመጣሁት።»

«ገጀራ እዚህ ጎን ነው ያለው፤ ይሰማኛል።»

«ቀስ ብለህ አውራኛ።»

አወራው። የወጋው ገጀራ መሆኑን፣ ጩቤውን ግን በመስኮቱ ፍርግርግ ያቀበለው አንድ ጠባቂ መሆኑን ነገረው። ሰውዬው ጠጋ አለ።

«ጠባቂውን አየኸው?»

«እኔ እንኳ እጁን ብቻ ነው። ፊቱን ያዩት አባባ ልብስ ሰፊው ናቸው። ለማንም ትንፍሽ አላሉም፤ ለእኔ ብቻ ነው የነገሩኝ። እባክዎ፣ እንደ አባቴ ናቸው፣ ክፉ እንዳይደርስባቸው።»

«በእኔ ይሁንብህ። የት ነው የሚተኙት?»

ነገረው። ሰውዬው ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ በረጅሙ ተነፈሰ። ተገላገልኩ አለ። ገጀራ ከማዶ ሲስል እንኳ እንደ ቅድሙ አልደነገጠም።

በሩ እንደገና ተከፈተ። ቦርሳ ያንጠለጠለች ሴት ገባች። በሩን ልትዘጋው ገፋችው፣ ሳበችው፣ በእግሯም ሞከረችው፤ እምቢ አላት።

«የምን በር ነው ደግሞ!» አለች እየሳቀች። «ዐቃቤ ሕጓ ነኝ፤ መግቢያው ላይ አቁመውኝ ነው የዘገየሁት። እስካሁን ለማንም አልተናገርክም አይደል?»