እስኪፈታ ድረስ

«አየሽ? አየሽ አይደል?» ይላል ወንድሜ፣ ከወንበሩ ሊዘል ምንም አልቀረው። «ሳንቀመጥ ወርዶ አለቀ!»

አጨበጭብለታለሁ። ምን ላድርግ፣ ከእኔ ሌላ ደጋፊ የለው።

ወንድሜ ክሊኒኮች የሕፃናት ክትባት የሚመዘግቡበትን ሶፍትዌር ነው የሚሠራው። ሰሞኑን አዲሱን ሶፍትዌር በምን ጨምቄ ልላክላቸው እያለ እንቅልፍ አጥቷል። ዚፕ የሚባለው የፋይል መጭመቂያ ቶሎ ይፈታል፣ ግን ፋይሉ ዝሆን ያክላል። ሌላኛው መጭመቂያ ጠብ እስከማይል ይጨምቃል። «ኔትወርካቸው ኤሊ ነው፤ ትንሹ ነው የሚያዋጣቸው» ብሎ ትንሹን መረጠ። እኔም ደገፍኩት። ሻንጣ ላይ ቁጭ ብዬ የምዘጋ ልጅ ነኝ፣ መጠቅጠቅ ይገባኛል።

ዛሬ ለሙከራ አክስታችን ነርስ ወደሆነችበት ክሊኒክ መጥተናል። ኮምፒውተራቸው በዕድሜ ስለሚበልጠኝ «ታላቄ» ብዬዋለሁ።

ጥቅሉ አሁን እየተፈታ ነው። ማለቴ፣ አልተፈታም። ስክሪኑ ድርቅ ብሏል። ታላቄ ያጓራል፣ ያቃስታል፣ ማውሱ ንቅንቅ አይልም።

አክስቴ ሕፃን ካቀፈች ሴት ጋር ትገባለች። «እስቲ ተነሡልኝ፣ የዚህን ልጅ መዝገብ ልየው።»

«አንዴ አክስቴ፣ እየፈታ ነው» ይላል ወንድሜ።

«ምኑን ነው የሚፈታው?»

«የራሱን ቋጠሮ» እላለሁ። ወንድሜ በክርኑ ይጎስመኛል።

ሴትየዋ በመስኮት ወደ መንገዱ ታያለች። «ሲስተር፣ አውቶቡሱ ሊሄድብኝ ነው። ሌላ ቀን ባመጣው ይሻላል።»

አክስቴ ሕፃኑ የትኛውን ክትባት እንደወሰደ ሳታይ አትወጋውም። «ሌላ ቀን» ብለው የወጡትን ደግሞ ታውቃቸዋለች፤ በዚያው ነው የቀሩት።

«ያንተ ላፕቶፕ ላይ ስንት ፈጀበት?» እላለሁ በሹክሹክታ።

«ዓይን እስክትጨፍኚ።»

«ይሄኛውማ ጨፍኖ ቀረ፣ ፕሮፌሰር።»

አይስቅም። ሴትየዋን ያያል፣ የደረቀውን ስክሪን ያያል። ከዚያ ያን ሁሉ የተኩራራበትን ጥቅል ራሱ ያቋርጠዋል።

ታላቄ እፎይ ይላል። የድሮው ሶፍትዌር ይመለሳል። አክስቴ ወንበሩን ከመንጠቋ በፊት ወንድሜ ዚፑን ያስጀምረዋል።

«ይሄ ዝሆን እስኪወርድ እኮ ይመሻል» እላለሁ።

«ይምሽ። እሷ እየሠራች ይወርዳል።»

እውነቱን ነው። አክስቴ ትጽፋለች፣ ትፈልጋለች፣ ከስክሪኑ ታች ጥግ ላይ የምታዘግመውን የማውረጃ መስመር ልብም አላለቻት። «አገኘሁት! አንድ ነው የቀረው። ነይ በዚህ» ትላለች። ሴትየዋ እየተከተለቻት የልጇን መጠቅለያ በአንድ እጇ ሳብ ታደርገዋለች፤ ወለል ብሎ ይፈታል።

እኔና ወንድሜ መስመሯን እያየን እንቀመጣለን። የተንቀሳቀሰች አትመስልም።

ከጎን ክፍል ሕፃኑ ጩኸቱን ያቀልጠዋል። ወንድሜ ፈገግ ይላል።