ጭንቅላቱ የጎደለው የድንጋይ አጽም

የዚህ ታሪክ ባለቤት ሙሉውን ለማንም ተናግራ አታውቅም...

አሁን እንዲወጣ የፈቀደችው፣ ነገሩ የሚመለከታቸው ሰው ከዚህ ዓለም ስለተለዩ ነው።

የካቲት ወር ነበር። ማዕበል ሲንጠው ያደረው የእንግሊዙ ዮርክሻየር ባሕር ገና ጸጥ ማለቱ ነው።

ሮዊና ፔል የምትባል መምህርት ባሕሩ ዳር ካለው ገደል ሥር ተንበርክካ፣ አዲስ ከተናደው ጭቃ ውስጥ አንድ ድንጋይ በጣቶቿ ትፈለቅቃለች።

ጭቃውን በመሃረቧ ጠረግ አደረገችው...

ጥርስ። አንድ ሙሉ ረድፍ ጥርስ።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ሞቶ ድንጋይ የሆነ የባሕር እንስሳ ጭንቅላት ነው።

የቀረው አካሉ የት እንዳለም ታውቃለች... ሚስተር ዊልፍ ስቶር ቤት።

ሚስተር ስቶር ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ገደሉ በተናደ ቁጥር ያንን አጽም ቁራጭ በቁራጭ ሲለቅሙ ኖረዋል። ጅራቱ፣ የጎድን አጥንቱ፣ መቅዘፊያው ሁሉ ተገኝቷል።

የጠፋው ጭንቅላቱ ብቻ ነው።

በአካባቢው የቅሪተ አካል ፈላጊዎች ማኅበር ደግሞ ያልተጻፈ ሕግ አለ... ሌላው የሚሰበስበው አጽም ቁራጭ እጃችሁ ከገባ፣ ለእሱ ትሰጣላችሁ።

ሮዊና ማኅበሩን ከተቀላቀለች ሁለት ዓመት ሆኗታል። አባላቱ በየወሩ ተሰብስበው ያገኙትን ጠረጴዛ ላይ ሲያሳዩ፣ እሷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ታያለች። ከእሷ የሚታይ ነገር ኖሮ አያውቅም።

ዙሪያዋን ቃኘች። ሰው የለም።

ድንጋዩን በሻርፗ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ለማስቀረት አልነበረም... አንድ ሳምንት ብቻ የእኔ ይሁን ብላ ነው።

ሳምንቱ ወር ሆነ። ወሩ ሲያልፍ ደግሞ "እስካሁን የት ነበር?" የሚለውን ጥያቄ ፈራች።

ኅሊናዋ እንቅልፍ ሲነሳት፣ ሄዳ ሚስተር ስቶርን "ፍለጋውን ላግዝዎት" አለቻቸው።

አሥራ አንድ ዓመት... እሑድ እሑድ፣ በዝናብ፣ ፊት በሚገርፍ ንፋስ፣ አልጋዋ ሥር ያለውን ነገር ባሕር ዳር ስትፈልግ ኖረች።

ሚስታቸው የሞተችባቸው እኚያ ሽማግሌ ጎንበስ ቀና ሲሉ ባየች ቁጥር ፊቷን ወደ ባሕሩ ታዞራለች። እሳቸው ግን ይቀልዱባታል።

"አንቺ አስተማሪ፣ ድንጋዩ ካንቺ የሚሸሸው ፈተና ትሰጠኛለች ብሎ ነው።"

ትስቃለች። ቤቷ ገብታ ታለቅሳለች።

በመጨረሻ ሚስተር ስቶር ታመው ሆስፒታል ገቡ። ዓይናቸው ከደከመ ሰንብቷል፤ አሁን ደግሞ ልባቸው ደከመ። ሐኪሙ ብዙ ቀን እንደሌላቸው ተናገረ። ማኅበሩም በፈቃዳቸው አጽሙን ለከተማው ሙዚየም ሊያስረክብ ተሰናዳ... ያለ ጭንቅላት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሮዊና ቦርሳዋን ይዛ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠች።

ድንጋዩን አውጥታ እጃቸው ላይ አኖረችው።

ሽማግሌው ጥርሶቹን በጣታቸው ጫፍ አንድ በአንድ ዳሰሱ...

"እኔ ጋ ነበር" አለች። "አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። ይቅር ይበሉኝ።"

"አውቃለሁ" አሉ።

የሰማችውን ማመን አቃታት።

"የዚያን ቀን ካንቺ ቀድሜ ወርጄ ነበር። ጓንቴን ረስቼ ስመለስ፣ በሻርፕሽ ስትጠቀልይው ከገደሉ አናት ላይ ሆኜ አየሁሽ።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም? ለምን በዚያ ብርድ ሲፈልጉ ኖሩ?"

ድንጋዩን ደረታቸው ላይ አስጠጉት።

"መጀመሪያ ራስሽ ታመጪዋለሽ ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ ላግዝዎት ብለሽ መጣሽ። ሚስቴ ሞሪን ከሞተች ወዲህ ከሰው ጋር ሻይ ጠጥቼ አላውቅም ነበር... ያየሁትን ብነግርሽ ትቀሪብኛለሽ ብዬ ፈራሁ፣ ልጄ። እኔ ባሕር ዳር የምወርደው ጭንቅላቱን ፍለጋ አልነበረም።"

ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱ።

"አንቺ አንድ ድንጋይ ወሰድሽብኝ። እኔ፣ ስትሰቃዪ እያየሁ፣ የአሥራ አንድ ዓመት እሑድሽን ወሰድኩብሽ። ከሁለታችን ማን ነው ይቅርታ መጠየቅ ያለበት?"

ሮዊና እጃቸውን ይዛ አለቀሰች።

ነርሷ የመጠየቂያ ሰዓት አልቋል ስትል፣ ሽማግሌው አንድ መላ አቀረቡላት። ድንጋዩን እሳቸው ጋ ትተወው። ቤታቸው ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ኖሮ ዓይናቸው ስለደከመ ነው ያላዩት ይላሉ። ማንም አይጠረጥርም... ስሟም አይነሳም።

ግንባራቸውን ሳመችና ድንጋዩን ይዛ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት አባላቱ በማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ አጽሙን በሣጥን እያሸጉ ነበር። የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ምላሷ የማይምር ወይዘሮ ቲከር፣ "መምህርት፣ ዛሬ ደግሞ ፍለጋው ቀረ?" አለቻት።

ሮዊና በሰው መሐል አልፋ ጭንቅላቱን ከአንገቱ አጥንት ጋር አገጣጠመችው።

ልክክ አለ።

ከዚያ፣ ሰው ፊት መናገር ላብ በላብ የሚያደርጋት ያቺ ሴት ቆማ ሁሉንም ተናገረች። መቼ እንዳገኘችው... እንዴት እንደደበቀችው... ስንት ዓመት እንደዋሸች።

ሽማግሌው ያውቁ እንደነበር ግን፣ እሳቸው እስኪያርፉ ድረስ ትንፍሽ አላለችም።

ወዳጆቼ... የበደልነው ሰው አያውቅም ብለን ስንሸሸግ፣ እሱ ደግሞ በራሱ ፍርሃት ዝም ብሎ እየጠበቀን ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ አፉን ካልከፈተ፣ የሚያልፈው የሁለቱም ዕድሜ ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ... የሚስተር ስቶር ዝምታ ደግነት ነበር ወይስ በደል? እናንተስ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ፣ በመጀመሪያው እሑድ ትነግሯት ነበር? ከልባችሁ የሚሰማችሁን ጻፉልኝ።